ከግልገል ዓባይ መግቢያ እስከ ረሺድ፦ የጎጃም አፈር የት ያርፋል?

በመስከረም መጨረሻ ከቁንዝላ በጀልባ ተነስቶ ወደ ግልገል ዓባይ መግቢያ የሚጠጋ ሰው፣ ወንዙ የት እንዳለቀና ሐይቁ የት እንደጀመረ በጣቱ ማሳየት አይችልም። አስቀድሞ የሚለወጠው የውሃው ቀለም ነው፤ አረንጓዴ የመሰለው የጣና ውሃ እየደፈረሰ ይሄድና ጥቂት ቆይቶ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። ቀጥሎ የደንገሉ ሽታ፣ ከዚያም የጭቃው ሽታ ይመጣል። ባለፈው ጊዜ ይዘውን የሄዱት አዛውንት ባለጀልባ ዳርቻው ገና ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ሞተሩን አጥፍተው ረጅም ዘንግ አነሡ። ዘንጉ ጉልበት በማይሞላ ውሃ ውስጥ ገብቶ ጭቃው ላይ ተተከለ፤ ሲነቅሉትም ጫፉ አንድ ክንድ ያህል ቀይ ደለል ለብሶ ወጣ። «አያ፣ ድሮም እንዲህ ነበር?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «እኔ በልጅነቴ መረብ የጣልሁበት ዛሬ ሽምብራ ይዘራበታል። ባሕሩ ሸሸ እንላለን እንጂ መሬቱ ነው የገፋው» አሉኝ።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያ በዘንጉ ላይ ተለጥፎ የወጣውን ደለል ነው። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ስለ ዓባይ የሚነገረው ሁሉ ማለት ይቻላል ስለ ውሃው ነው፤ ስንት ቢሊዮን ሜትር ኩብ ተያዘ፣ ስንት ተለቀቀ፣ ለማን ስንት ይገባል። አፈሩ እምብዛም አይነሳም፤ ሲነሳም «አፈራችን ግብፅን አለማ» ከሚለው ቁጭት አያልፍም። ይህ አባባል ለብዙ ሺህ ዘመናት እውነት ነበር፤ ከ60 ዓመታት ወዲህ ግን ግማሹ እውነትነቱ ቀርቷል፤ እውነት በነበረበት ዘመንም ቢሆን አብዛኞቻችን በምናስበው መንገድ አልነበረም። ነገሩን አጥርቶ ለማየት ወንዙን ከምንጩ ሳይሆን ከአፉ፣ ማለትም ከትልቅ ውሃ ጋር ከሚገናኝበት ዳርቻ መመልከት ይሻላል። ጎጃሜ ስለ ምንጩ፣ ስለ ሰከላና ስለ ግሽ ዓባይ ብዙ ያወራል፤ ስለ አፉ ግን ዝም ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው ተረታችንም ወንዙን መጨረሻ እንደሌለው መንገደኛ አድርጎ ነው የሚያየው። ይሁንና ግንዱም አፈሩም ማደሪያ አላቸው።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። በሐይቁ ዙሪያ የሚኖር ሰው ጣናን ሐይቅ ብሎ የሚጠራው ከእንግዳ ጋር ሲነጋገር ነው፤ እርስ በርሱ ሲነጋገር ባሕር ይለዋል። ባሕር ዳር ባሕር ዳር የተባለችው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውሃው ሲጎድል የሚገለጠው እርጥብ መሬትም ባሕር ሸሽ ይባላል። ስለዚህ ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበትን ዳርቻ ለማየት ጎጃሜ ሞምባሳ ወይም ጅቡቲ መውረድ አያስፈልገውም፤ ግልገል ዓባይ በባሕር ዳር ዙሪያና በሰሜን አቸፈር ወረዳዎች መካከል አልፎ ወደ ባሕሩ ሲገባ ያያል። ልዩነቱ ጨውና ማዕበል ነው፤ ይህ ልዩነት ደግሞ ቀላል አይደለም።

ወንዝ ደለልን የሚሸከመው በፍጥነቱ ነው። ግልገል ዓባይ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ከግሽ ዓባይ አካባቢ ተነስቶ፣ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ እስከተኛው ጣና ድረስ ከ900 ሜትር በላይ ይወርዳል። ቁልቁለቱ እስካለ ድረስ ጠጠሩንም አሸዋውንም አፈሩንም ያግዛል። ሜዳው ላይ ሲደርስ ጠጠሩን ይጥላል፤ ከቆመ ውሃ ጋር ሲላተም ደግሞ ጉልበቱ ባንድ ጊዜ ያልቃል፤ አሸዋውን እዚያው በሩ ላይ አራግፎ፣ ቀላሉን አፈር ጥቂት ወደፊት ገፍቶ ይተወዋል። በዚህ አኳኋን ወንዙ ገና ሳይገባ የራሱን መግቢያ ይዘጋል፤ ከዚያም በጎን ሌላ በር ይፈልጋል። ከአየር ላይ በተነሡ ሥዕሎች የግልገል ዓባይ መግቢያ ወደ ሐይቁ የተዘረጋ ጣት መስሎ የሚታየው ስለዚህ ነው። ከወንዙ ግራና ቀኝ የተከመረው ደለል እንደ ሁለት ከንፈር ወደ ውሃው እየገፋ ይሄዳል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጣቱ ይረዝማል፣ አልፎ አልፎም ቅርንጫፍ ያወጣል።

ውቅያኖስ ላይ ሲሆን ሌሎች ሦስት ነገሮች ይጨመራሉ። አንደኛው ማዕበሉ ነው፤ ወንዙ ያመጣውን አሸዋ እያንገዋለለ ወደ ጎን ይዘረጋዋል፤ ሰዎች ለመዝናናት የሚተኙበት ወርቃማ ዳርቻ በአብዛኛው የሚፈጠረው በዚህ ነው። ሁለተኛው በየቀኑ ከፍና ዝቅ የሚለው የባሕሩ ውሃ ነው፤ ከፍ ሲል ወንዙን ወደ ኋላ ይመልሰዋል፣ ዝቅ ሲል ደግሞ ወንዙና ባሕሩ ባንድነት ወደ ውጭ ይጎርፋሉ። በወንዝ አፍ የሚዋኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰደው በዚህኛው ሰዓት ነው፤ ወንዙ ላይ ላዩን ጸጥ ያለ ስለሚመስል። ሦስተኛው ጨው ነው፤ ይህን በቃል ከማስረዳት ያየሁትን ብናገር ይሻላል።

የዚያን ዕለት ከመግቢያው ሁለት ሃይላንድ ውሃ ቀድቼ ወደ ቁንዝላ ተመለስኩ። ማታ ያደርንበት ቤት ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አቆምኳቸውና ለአንደኛው ሁለት ማንኪያ የወጥ ጨው ጨምሬ ነቀነቅሁት። ጠዋት ስነሣ ጨው ያልነካው እንደ ማታው ድፍርስ ነበር፤ ከታች ጥቂት አሸዋ ከመዝቀጡ በቀር ብርሃን አያሳልፍም። ጨው የገባበት ግን እላዩ ጥርት ብሎ፣ ከሥሩ ሁለት ጣት የሚሆን ለስላሳ ቀይ አተላ ተኝቶበታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ደቃቅ የሸክላ አፈር ቅንጣቶች በንጹሕ ውሃ ውስጥ አንዱ ሌላውን እየገፋ ተንሳፍፈው ይቆያሉ፤ ጨው ሲገባ መገፋፋቱ ይከሽፍና እርስ በርስ ተጣብቀው እየከበዱ ይሰምጣሉ። በሊትር ወደ 38 ግራም ጨው ያለው የሜዲትራኒያን ባሕርም በዓባይ አፍ ላይ ለሺህ ዓመታት የሠራው ይህንኑ ነው፤ ደቃቁን አፈር እዚያው በራፉ ላይ አስቀርቶታል። ጣና ግን ጨው የለውም። ስለዚህ ደቃቁ አፈር ከመግቢያው አልፎ በሐይቁ ላይ ይንሳፈፋል፤ ነፋስ ሲነሣ እንደገና ይታወካል፤ በክረምት ጣና ለሳምንታት ሳይጠራ የሚቆየውም በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ እምነት መነሣት አለበት። ዓባይ ጣናን ሳይነካው፣ ውሃውም ከውሃው ሳይቀላቀል፣ ሐይቁን ሰንጥቆ ያልፋል ይባላል። ከአያቶቼ የሰማሁት ነው፤ ክረምት ላይ ከመግቢያው ወደ ሐይቁ የሚዘረጋውን ቀይ መስመር ያየ ሰው ይህን ማለቱ አያስገርምም። ቁጥሩ ግን ሌላ ይናገራል። ጣና በአማካይ ከ8 እስከ 9 ሜትር ብቻ ጥልቀት ያለው፣ ነገር ግን ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የተንጣለለ ሐይቅ ሲሆን፣ የሚይዘው ውሃ 28 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ በተፈጥሮው በባሕር ዳር በኩል በዓመት የሚወጣው ደግሞ ወደ 4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ሰፊና ነፋሻማ ሐይቅ ውስጥ የገባ ውሃ ዓመታት ይቆያል፤ ይደባለቃል፤ ከፊሉ ይተንናል፤ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህም ከፊሉ በጣና በለስ የኃይል ማመንጫ በኩል ወደ በለስ ይሄዳል። አፈሩ ግን አይወጣም። በባሕር ዳር ድልድይ ላይ ቆሞ ዓባይን ለሚያይ ሰው የሚወጣው ውሃ ከገባው ውሃ ይልቅ እጅግ የጠራ ነው፤ ቀሪው ከታች ተኝቷልና። ጣና ግዙፍ ማጥለያ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙ ጎጃሜን ሊያስገርም ይችላል፦ የሰከላ አፈር ግብፅ ገብቶ አያውቅም ለማለት ጥቂት ብቻ ይቀራል። ከግሽ ዓባይ፣ ከመራዊ፣ ከዱርቤቴ ማሳዎች ታጥቦ የሄደው አብዛኛው አፈር ከጎጃም ሳይወጣ በግልገል ዓባይ መግቢያና በሐይቁ ወለል ላይ ተኝቷል። ስለ ዓባይ ምንጭ ስናወራ ሰከላን እናነሣለን፤ ልክ ነው፤ የአፈሩን ምንጭ ስናወራ ግን ሰከላን ማንሣት ስህተት ነው።

ታዲያ ወደ ግብፅ የሄደው የማን አፈር ነው? ከጣና የሚወጣው ውሃ ዓባይ ሱዳን ድንበር ላይ ሲደርስ ከሚይዘው 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ዓመታዊ ውሃ ውስጥ ከአሥር እጅ አንድ እንኳ አይሞላም። ቀሪው ከታች የሚገባ ነው፤ ከወሎ በሽሎ፣ ከሸዋ ጀማ፣ ከወለጋ ዴዴሳ፣ ከእኛ ደግሞ ከጮቄ ተራራ የሚፈልቁት ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጨሞጋና እነ ብር። ዓባይ ጎጃምን በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ እንደ ቀለበት ስለሚከባት፣ ከጮቄ የሚወርድ ውሃ በየትኛውም አቅጣጫ ቢዞር መጨረሻው ያው ቀለበት ነው። በእነዚህ ወንዞች መንገድ ላይ ደግሞ የሚያጠልላቸው ጣና የለም። ከማሳ ወደ ቦረቦር፣ ከቦረቦር ወደ ገደል፣ ከገደሉ በቀጥታ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይገባሉ።

አፈሩ የሚሄደው መቼና እንዴት እንደሆነ ምሥራቅ ጎጃም ያደገ ሰው ያውቀዋል። ጤፍ ደቃቅ ፍሬ ስለሆነ ማሳው አራትና አምስት ጊዜ ታርሶ፣ ለስልሶ፣ አንዳንዴም በከብት ተረግጦ ይዘጋጃል፤ የሚዘራውም በሐምሌ፣ ዝናቡ በሚበረታበት ጊዜ ነው። ቡቃያው መሬቱን እስኪሸፍን ድረስ ባሉት ሳምንታት ማሳው ራቁቱን ነው። ገበሬው ውሃ እንዳይተኛበት በማሳው ላይ አግድም ፈሰስ ያወጣል፤ ፈሰሱ ማሳውን ያድናል፣ ውሃውን ግን ሰብስቦ ለጎረቤት ማሳ ያስረክባል። በሐምሌ አንድ ከሰዓት በኋላ በአንድ ፈሰስ ጫፍ ላይ ቆሞ የሚወርደውን ውሃ በእፍኙ የያዘ ሰው፣ የዓባይን ደለል በእጁ ይዟል።

ይህ አፈር ከአስዋን ከፍተኛ ግድብ በፊት የሚያርፈው በሁለት ቦታ ነበር፤ ከፊሉ በግብፅ ማሳዎች ላይ፣ ከፊሉ በባሕሩ ዳር። ዓባይ ካይሮን አልፎ ሁለት ቅርንጫፍ ይሆናል፤ የምዕራቡ ረሺድ (ሮዜታ) ላይ፣ የምሥራቁ ድምያጥ ላይ ከሜዲትራኒያን ይገናኛል። በጥንት ዘመን አፎቹ ሰባት እንደነበሩ ጸሐፍት መዝግበዋል፤ ሌሎቹ በደለል ተዘግተው ሁለት ቀሩ። ረሺድን ዓለም የሚያውቃት በ1799 እ.ኤ.አ. በተገኘባት ባለ ጽሑፍ ድንጋይ ነው፤ ለእኛ ግን ከድንጋዩ ይልቅ አሸዋዋ ይቀርበናል። በረሺድ ዳርቻ ጥቁር አሸዋ አለ። ከባድ ማዕድናት የተጠራቀሙበት ሲሆን፣ ማግኔት የሚስበው ጥቁሩ ብናኝ በአብዛኛው የተቀዳው ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች የእሳተ ገሞራ ዓለት ነው፤ ጮቄ የቆመበት ዓለትም የዚያው ወገን ነው። ማዕበሉ ቀላሉን አሸዋ እያጠበ ሲወስድ ከባዱ ጥቁሩ ይቀራል። ግብፅ ከዚህ ዓይነት አሸዋ ማዕድን የሚለይ ፋብሪካ በቡሩሉስ በ2022 እ.ኤ.አ. ከፍታለች። ቀላሉ አሸዋ ደግሞ ከባሕሩ ዳር ጋር በሚሄደው ፍሰት ተገፍቶ ወደ ምሥራቅ እስከ ሐይፋ ድረስ ዘልቋል።

ቀጥሎ የመጣው ነገር የወንዝ አፍ ምን ያህል ከወንዙ ሆድ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ያሳያል። አስዋን ላይ የመጀመሪያው ግድብ በ1902 እ.ኤ.አ. ሲሠራ የረሺድ ዳርቻ መሸርሸር ጀምሮ ነበር። ከፍተኛው ግድብ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውሃ ይዞ በ1970 ሲጠናቀቅ ግን በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ይደርስ የነበረው ደለል፣ ከዘጠና በመቶ በላይ ከኢትዮጵያ የሚሄደው ደለል፣ ግድቡ በፈጠረው በናስር ሐይቅ ውስጥ ቀረ። ባሕሩ እንደ ድሮው መብላቱን ቀጠለ፤ የሚመልስለት ግን ጠፋ። በረሺድ ዳርቻው በአንዳንድ ዓመታት ከ100 ሜትር በላይ ወደ ኋላ ይሸሽ ነበር፤ ባለፈው ምእተ ዓመት በድምሩ ኪሎ ሜትሮች ተበልተዋል። በመጨረሻ የተቆለሉ ግዙፍ የኮንክሪት ግንቦች ናቸው የአፉን ሁለት ወገን ያቆሙት፤ ያም ሆኖ መሸርሸሩ ከግንቦቹ ወዲያ ወዳሉት ዳርቻዎች ተዛወረ እንጂ አልቆመም። ዓሣውም አብሮ ሄደ። የዓባይ ጎርፍ ከነሐሴ እስከ ኅዳር ወደ ባሕሩ ሲገባ ይዞት የሚሄደው ምግብ በአፉ ዙሪያ የሰርዲን መንጋ ይሰበስብ ነበር፤ በ1962 እ.ኤ.አ. 18,000 ቶን ገደማ የነበረው የሰርዲን ምርት በአሥርቱ መጨረሻ ከ1,000 ቶን በታች ወርዷል። በኋላ ከፊሉ የተመለሰው ከከተማ ፍሳሽና ከማዳበሪያ በሚገባው ምግብ ነው፤ ይህም የራሱ የሆነ ምጸት አለው።

እንግዲህ ወደ ዛሬው ክርክር ስንመለስ፣ ሕዳሴ ግድቡ የግብፅን የባሕር ዳር ደለል ነሣ የሚለው ክስ መሠረት የለውም፤ ደለሉን የነሣው በአስዋን የቆመው የራሷ ግድብ ነው። በሌላ በኩል «አፈራችን ግብፅን አለማ» የሚለው የእኛ ቁጭትም ላለፉት ስድሳ ዓመታት በአብዛኛው ባዶ ነው፤ አፈራችን በናስር ሐይቅ ሥር ተኝቶ ነው የኖረው። ከዚያ ወዲህ የተጎዳም የተጠቀመም ካለ ሱዳን ናት። በ1966 እ.ኤ.አ. የተሠራው የሮሴሪስ ግድብ ከሚይዘው ውሃ ሲሶ ያህሉን ቦታ በደለል ተነጥቆ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. 10 ሜትር ከፍ እንዲል ተደርጓል፤ የመስኖ ቦዮቿም በየዓመቱ በብዙ ወጪ ይጠረጉ ነበር። የካርቱም ጡብ ሠሪ ግን በዚሁ ደለል ይኖር ነበር፤ ጎርፉ ሲሸሽ በሚተወው መሬት ላይ የሚዘራው ገበሬም እንደዚሁ፤ የኛን ባሕር ሸሽ የሚመስል መሬት ነው።

አሁን ደለሉ ሦስተኛ ማደሪያ አግኝቷል፤ ንጋት ሐይቅ። የሕዳሴ ግድቡ እስከ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ሲሆን፣ ሐይቁ በዓባይ ሸለቆ ውስጥ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ኋላ ይተኛል። ይህ ማለት ዓባይ ዛሬ ከትልቅ ውሃ ጋር የሚገናኝበት አፉ ረሺድ ሳይሆን በሸለቆው ውስጥ ነው። ያ አፍ እንደ ሌሎቹ ባንድ ቦታ የሚቆምም አይደለም። ሐይቁ በመስከረም ሲሞላ አፉ ወደ ላይ ወደ ሸለቆው ይወጣል፤ በግንቦት ውሃው ሲጎድል ወደ ታች ይወርዳል፤ ወንዙም ባለፈው ክረምት የጣለውን ደለል እንደገና እየቆረጠ ወደ ግድቡ ጥቂት ይገፋዋል። ብዙ ሰው ደለል የግድብን ቦታ የሚይዘው ከግድቡ ሥር ጀምሮ ወደ ላይ እየሞላ ይመስለዋል። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ከበድ የሚለው አሸዋና ጠጠር ከላይኛው ጫፍ ይጀምራል፤ ከ74ቱ ቢሊዮን 15 ቢሊዮን ገደማ የሚሆነው ለደለል ታስቦ የተተወ ቦታ ቢኖርም፣ ይህ ከባድ ደለል የሚጀምረው ለኤሌክትሪክ ከሚያገለግለው ከላይኛው ውሃ ቦታ እየቀነሰ ነው። ከጮቄ የሚታጠብ አንድ ጆንያ አፈር ከአሁን በኋላ የሚቀንሰው የማሳውን ምርት ብቻ አይደለም፤ የራሳችንን ግድብ ዕድሜም ነው። በጥርና በየካቲት በየቀበሌው የሚወጣው የተፋሰስ ሥራ እስከ ዛሬ የሚታየው ለገበሬው ማሳ ተብሎ ነበር፤ እርከኑ ባይጠበቅ፣ ከብት ቢለቀቅበት፣ ኪሳራው የዚያ ቀበሌ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። ይህ ሒሳብ ተለውጧል፤ የሒሳቡ አከፋፈል ግን ገና አልተለወጠም፤ ኤሌክትሪኩን የሚሸጠው ወገን ለእርከኑ የሚከፍልበት አሠራር መኖር አለበት ብዬ አምናለሁ።

ከሀገራችን ወንዞች ሁሉ በራሱ መንገድ ውቅያኖስ የሚደርሰው የትኛው ነው ብሎ የሚጠይቅም አይጠፋም። አዋሽ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል፤ ኦሞ ቱርካና ይገባል፤ ዋቢ ሸበሌ አብዛኛውን ጊዜ በሶማሊያ ረግረግና አሸዋ ውስጥ ይጠፋል። ገናሌ ግን ከዳዋ ጋር ዶሎ ላይ ተገናኝቶ ጁባ ከሆነ በኋላ በኪስማዮ አጠገብ ከሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። ስለ ባሕር በር ብዙ በሚነገርበት በዚህ ዘመን፣ አፈራችንና ውሃችን ከእኛ በፊት ባሕር መድረሳቸውን ማስታወስ ደስ ይላል።

ወደ ግልገል ዓባይ መግቢያ ልመለስ፤ ምክንያቱም ከሦስቱ ማደሪያዎች ሰው በእግሩ ሊቆምበት የሚችለው የጎጃም ማደሪያ እሱ ነው። እዚያ የሚደረገው ነገር ሁሉ በደለሉ ላይ የሚደረግ ነው። ጣና ውስጥ ከሌላ ቦታ በዓለም የማይገኙ ወደ 15 የሚሆኑ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ ግማሽ ያህሎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በወንዞች መግቢያ ተሰብስበው ለመራባት ወደ ላይ ይወጣሉ። ዓሣ አጥማጁም ይህን ያውቃል፤ መረቡን በአፉ ላይ አግድም ይዘረጋል። ዓሣው ወደሚወልድበት ሲሄድ በሩ ላይ ስለሚያዝ፣ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባሉት አሥር ዓመታት ውስጥ ብቻ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ብዛት በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሷል። ደለሉ ደግሞ እንቁላል የሚጣልበትን ጠጠር ይሸፍናል። ቆሮሶና አምባዛ በሐይቁ ውስጥ ስለሚራቡ እንዲህ አልተጎዱም፤ ዛሬ ባሕር ዳር ገበያ የሚሞላውም በእነርሱ ነው። እምቦጭም በ2011 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የታየው በሌላ ወንዝ መግቢያ፣ በጎንደር በኩል በመገጭ አፍ አካባቢ ነበር፤ ከማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያና አፈር ለእምቦጭ የተዘረጋ መደብ ነውና አይገርምም።

ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪው ግን ባሕር ሸሹ ነው። መግቢያው ሲገፋ የሚፈጠረው መሬት ለም ነው፤ ያለ ማዳበሪያ ሽምብራና ጓያ ያበቅላል። ነገር ግን ባለቤቱ ማን ነው? በሕግ ዓይን የሐይቁ ዳርቻ የሕዝብ ነው፤ በጎረቤቱ ዓይን ከማሳው ጋር የሚያያዝ ነው፤ ወይጦዎች ታንኳ የሚሠሩበት ደንገል የሚበቅለው ደግሞ በዚያው ላይ ነው። ደንገሉ ተነቅሎ መሬቱ ሲታረስ የታንኳ ሠሪው እንጀራ ይቋረጣል፤ ደለሉን የሚይዘው ሥርም ይነቀላልና ቀጣዩ ክረምት ያን አፈር ወደ ሐይቁ ይገፋዋል። በ1995 ዓ.ም. ጣና በድርቅና ለኃይል ማመንጫ በተለቀቀው ውሃ ምክንያት እጅግ ጎድሎ መርከቦች በቆሙበት ጊዜ፣ የተገለጠው ዳርቻ ወዲያው ነበር የታረሰው፤ ውሃው ሲመለስ ደንገሉ ብዙ ቦታ አልተመለሰም። እኔ በዚህ ነገር ከገበሬው ጋር መጨቃጨቅ አልችልም፤ ሰከላ ላይ አፈሩን ያጣው ገበሬና ቁንዝላ ላይ አፈሩን ያገኘው ገበሬ ሁለቱም በሄክታር ክፋይ የሚኖሩ ናቸው። ይሁንና ደንገል ያለበት ሰቅ ሳይታረስ እንዲቀር ማድረግ ከማንኛውም የኮንክሪት ግንብ ይረክሳል፤ ረሺድ ላይ የኮንክሪቱ ዋጋ ስንት እንደሆነ ታይቷል።

ቦታውን ማየት ለሚፈልግ ሰው ጥቂት ነገር ልንገር። በየብስ ከዱርቤቴ በሊበን አድርጎ ቁንዝላ ይደረሳል፤ በውሃ ከባሕር ዳር ተነስቶ ዘጌን አልፎ ይኬዳል፤ ካለፉት ዓመታት የጸጥታ ሁኔታ አንጻር ከመነሣት በፊት የአካባቢውን ሰው መጠየቅ ግድ ነው። ደረቅ የመሰለውን ደለል ማመን አይገባም፤ እላዩ ተሰነጣጥቆ የደረቀ ቢመስልም እስከ ታፋ ያሰምጣል። ጉማሬ ማታ ለግጦሽ የሚወጣው በዚያው በደንገሉ መካከል ነው። ከቀትር በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ የጀልባ ጉዞው በማለዳ ቢሆን ይመረጣል።

እኛ ስንመለስ ባለጀልባው ዘንጋቸውን አላነሡትም። ጫፉ ላይ አንድ ቀይ ጨርቅ አስረው እዚያው ጭቃው ውስጥ ተክለውት ቀሩ። ካቻምና የተከሉትንም ከሩቅ አሳዩኝ፤ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ወደ ዳርቻው ዘልቆ በሣር መካከል ቆሟል፤ አንድ ጥጃም ታስሮበታል።